ከንጉሡ ኋላ ቁም

ተዋናይ ለመሆን ቆርጠሃል አሉ። ወሬው ከመካነ ሰላም ተነሥቶ፣ አቀስታን አልፎ፣ ደሴ ሊገባ ምንም አልቀረው። እናትህ ስለት ተስለዋል፤ እንዲሳካልህ ይሁን እንዲተውህ ግን ለማንም አልተናገሩም። አባትህ ደግሞ «መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ደጃችን ድረስ መጥቶ ካምፓስ ከፍቶ ሳለ፣ የኔ ልጅ ሌላ ሰው መሆን ሊማር አዲስ አበባ ይሄዳል» እያሉ ለእድር ዳኛው ሳይቀር አቤት ብለዋል። እንዲህ ባለ ጊዜ ሰው ምክር እንጂ ገንዘብ አይሰጥህም። እኔም ከሰው አልለይምና ምክሬን እነሆ። አንተ ስል አንቺንም ማለቴ ነው፤ ለብቻሽ የምነግርሽ ሲኖር እጠራሻለሁ።

የመጀመሪያው ምክሬ አጭር ነው፦ መሪ ተዋናይ አትሁን።

አትቆጣ፣ ስማኝ። መሪ ተዋናይ የሚጠየቀውን ታውቃለህ፦ ቁመና፣ ጥርስ፣ ጠጉር፣ በዚያም ላይ ሦስቱ አብረው የሚቆዩበት ዕድሜ። ፍቅረኛውን ፍለጋ በዝናብ የሚሮጠው ልጅ ጠጉሩ ከግንባሩ መሸሽ የጀመረ ዕለት ስልኩ ዝም ይላል። የአንተ ፊት ግን ገና ከልጅነትህ የአርባ ዓመት ሰው ፊት ነው፤ አልሐምዱሊላህ ብለህ ተቀበለው። የአቀስታ ብርድ የጠበሰው ጉንጭ አለህ። ሁልጊዜ የሆነ ነገር ሊበደር የመጣ የሚያስመስል አቋቋም አለህ። ይህ ሀብት ነው። በሃያ አምስት ዓመትህ ዘበኛ፣ በአርባህ ደላላ፣ በስድሳህ የሙሽራዋ አያት ሆነህ ትሠራለህ። ሰማንያ ከደረስህ ደግሞ ሞተህም ትሠራለህ፤ በለቅሶ ትዕይንት ላይ አስከሬን የሚሆን ሽማግሌ ሁልጊዜም ይፈለጋል።

ለዚህ ምስክር ፍለጋ ሩቅ አትሂድ፤ መቅደላን ያህል አምባ አገርህ ላይ ቆሟል። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. እዚያ ላይ ሽጉጡን የጠጣው ማን እንደሆነ ሕፃን ያውቃል። ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅን፣ ጌትነት እንየው እያንዳንዳቸው ስለ ቴዎድሮስ ተውኔት ጽፈዋል። ፍቃዱ ተክለ ማርያም የጸጋዬን ቴዎድሮስ ሆኖ መድረክ ሞልቷል። ስለዚህ ቴዎድሮስ ለመሆን ወረፋው ረጅም ነው፤ አንተም ከተሰለፍህ ተራህ ሳይደርስ ትሸብታለህ። በዙሪያው ያሉትን ግን ቁጠራቸው። ፊታውራሪ ገብርዬ ከጌታው ሦስት ቀን ቀድሞ እሮጌ ላይ ወደቀ። አሽከሩ ወልደ ጋብር እስከ መጨረሻዋ ሰዓት ከአጠገቡ አልተለየም። ወደ 70 ኩንታል የሚከብደውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ፣ ገደል እየናዱና መንገድ እየጠረጉ፣ ስድስት ወር ገደማ የጎተቱትን ሰዎች ስም ደግሞ የጻፈላቸው የለም። እነዚህ ሁሉ ሚና ናቸው፤ ወረፋም የለባቸው።

ከመድረክ ጀርባ ብቻ የሚወራ አንድ ነገር ልንገርህ። ንጉሥ የሚሆነው ተዋናይ ብቻውን መንገሥ አይችልም። ዘውድ ቢደፋ፣ ካባ ቢደርብ፣ አዳራሹ እስኪናጋ ቢጮህ፣ ከጎኑ የቆመው ሰው ዘና ብሎ ጆሮውን ካከከ ተመልካቹ የሚያየው ካባ የለበሰ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ገብርዬ ሲገባ ትንፋሹን ሰብሰብ ካደረገ፣ ወልደ ጋብር ውኃውን ሲያቀርብ ጣቱ ትንሽ ከተንቀጠቀጠ ግን ንጉሡ አንድ ቃል ሳይናገር ነግሧል። ግርማው ያለው በአንተ ጉልበት ላይ ነው። ጭብጨባው ለእሱ ይሄዳል፤ እሱም ይህን ስለሚያውቅ ቴአትሩ ሲያልቅ ሻይ ይጋብዝሃል። ሻዩን ጠጣ።

እጅ ያጠረው የቴአትር ቡድን ከገጠመህ ደግሞ፣ የሚገጥምህም እሱ ነው፣ በመጀመሪያው ገቢር መድፍ ትጎትታለህ፣ በሁለተኛው ቄስ ሆነህ ንጉሡን ትገሥጻለህ፣ በሦስተኛው የእንግሊዙ ጄኔራል የናፒየር ወታደር ሆነህ ትመጣና ጓደኞችህን ትማርካለህ። ልብስ ለመቀየር ያለህ ጊዜ ሁለት ጥይት እስኪተኮስ ነው። የሚከፈልህ ግን የአንድ ሰው ነው።

ሁለተኛው ምክሬ ስለ ትምህርት ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ጥበባት ትምህርት አለው፤ ብትገባ መልካም ነው። ከዚያ በፊት ግን አገርህ የወሎው ቦረና በነፃ ያስተማረህን ሰብስበህ ያዝ። አያቶችህ በላ ልበልሃ እየተባባሉ፣ ዘንግ እየሰበቁ፣ ነጠላቸውን እያጣፉና እየፈቱ ሲሟገቱ ዳኛው ፍርድ ቢሰጥም ባይሰጥም ሸንጎው ሳይከፍል ቴአትር ያይ ነበር። የሞገስ ታፈሰ «ቁራኛዬ» ፊልም ከሳሽና ተከሳሽ በአንድ ሰንሰለት ተቆራኝተው የሚጓዙበትን ያን ዘመን ሲያነሣ ምን ያህል ትወና እዚያ ውስጥ ተኝቶ እንደነበር አሳይቶናል። ለቅሶ ቤት ሂድ፤ ሟቹን በዓይኗ አይታው የማታውቅ አልቃሽ ሙሾ አውርዳ አገር ስታስለቅስ ትንፋሿን የት ላይ እንደምትቆርጥ አድምጥ። ገበያ ውጣ፤ «ትቼዋለሁ» ብሎ ጥቂት እርምጃ ከሄደ በኋላ ዞር የሚለውን በግ ገዢ ጀርባውን አጥና። ሽማግሌ ሲላክ ከኋላ ተከተል፤ ከመናገሩ በፊት የሚስለው ሳል ከንግግሩ በላይ ያስታርቃል።

ቡና ሲጠጣም አትተኛ። አቦሉ ላይ የተጀመረ ሐሜት ቶናው ላይ ሥጋ ይለብሳል፣ በረካው ላይ ደግሞ ምርቃት ሆኖ ያልቃል፤ ከዚህ የተሻለ ባለ ሦስት ገቢር ድርሰት ማንም አላስተማረም። ወሎዬ በመሆንህም የሌላ አገር ተዋናይ የሌለው ስንቅ አለህ። አንዱ አጎትህ ሐጂ፣ ሌላው ቄሰ ገበዝ ናቸው። አረፋም ፋሲካም በአንድ ደጅ ታከብራለህ። ወዳጃ ላይ ዱዓ ሲደረግ እጅ እንዴት እንደሚዘረጋ፣ ቅዳሴ ላይ መቋሚያ እንዴት እንደሚያዝ ማንም ሳይነግርህ ታውቃለህ። ሸህም ካህንም ሆነህ ስትመጣ የሚያፍርብህ ተመልካች አይኖርም።

አሁን ደግሞ ልብህን አጽና፤ ይህን ሁሉ እውቀት ይዘህ አዲስ አበባ ስትደርስ ምንም አይጠቅምህምና። ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ካሉት ካፌዎች በአንዱ ተቀምጠህ፣ አንድ ማኪያቶ ለግማሽ ቀን እየጠጣህ፣ ኦዲሽን አለ የሚል ወሬ ትጠብቃለህ። ወሬው ይመጣል። የሚፈለገው የገጠር ሰው ነው። ደስ ብሎህ ትገባለህ፤ አያትህ የሚናገሩትን፣ እውነተኛውን የቦረና ንግግር ትናገራለህ። ዳይሬክተሩ ፊቱን ያጨማድድና «ይቅርታ ወንድሜ፣ ገጠሬ አትመስልም» ይልሃል።

አትከራከረው። በእኛ ፊልሞችና ድራማዎች ውስጥ የሚኖር አንድ የገጠር ሰው አለ፤ የትም ወረዳ ገብተህ አታገኘውም። ቃሉን ከጎጃም፣ ዜማውን ከመንዝ፣ መሐላውን ከወሎ ለቃቅሟል። ጋቢው ሁልጊዜ አዲስ ነው። ዱላውን ቤት ውስጥም አይጥልም። መኪና ባየ ቁጥር ይደነግጣል፤ አንተን ከመካነ ሰላም ያመጣህ አውቶቡስ ግን በእሱ አገር አያልፍም። ስለዚህ ብልህ ሁን። ኦዲሽኑ ላይ ያን የሌለ ሰው ስጣቸው። ሥራውን ካገኘህ በኋላ፣ ካሜራው ሲዞርና ሁሉም ለምሳ ሲቸኩል፣ አያትህን በትንሽ በትንሹ አስገባቸው፤ መጀመሪያ ሳላቸውን፣ ከዚያ አቀማመጣቸውን፣ በመጨረሻ ዝምታቸውን። ቀረጻው አልቆ ሲታይ ዳይሬክተሩ «ይህ ልጅ ተሰጥኦ አለው» ይላል። አያትህ መሆናቸውን አትንገረው።

ሦስተኛው ምክሬ፣ የደረሰህን ሚና አትናቅ። የአገራችን የመጀመሪያ ተውኔት የሚባለው የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ» ሲሆን፣ «የአውሬዎች ኮሜዲያ» የሚል ተጨማሪ ስም አለው። የኛ ሙያ ሲጀመር እንግዲህ የተሰጠን የአውሬ ሚና ነበር። አውሬዎቹም ሹማምንቱን ነካክተው ኖሮ ተውኔቱ ታገደ። ዛሬ «በር ላይ የሚቆም ሰው» የሚል ስክሪፕት ሲሰጡህ ቢያንስ በሁለት እግርህ ስለሆነ አመስግን። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሴቶቹን ሚና የሚጫወቱትም ወንዶች ነበሩ፤ እነ አስናቀች ወርቁ መድረክ ላይ እስኪወጡ ድረስ ስንቱ ጎልማሳ ጢሙን ተላጭቶ ሙሽራ ሆኗል።

ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም.፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር ደግሞ በ1948 ዓ.ም. ከተከፈቱ ወዲህ በእነዚያ መድረኮች ስንት አሽከር፣ ስንት ባለሟል፣ ስንት መልእክተኛ ገብቶ ወጥቷል። በዚህ መንገድ ርቀው የሄዱትን እይ። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ዝግጅት የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ሲተርክ ጉዱ ካሣንም፣ ፊታውራሪ መሸሻንም፣ ሰብለ ወንጌልንም በአንድ ጉሮሮ አኖራቸው። ፊቱ አይታይ፣ ልብሱ አይታይ፣ መብራት የለ፣ መጋረጃ የለ። ጎጃምን በሙሉ ብቻውን ተጫወተው፤ አድማጩም ከዚያ ወዲህ መጽሐፉን ሲያነብ የሚሰማው የእሱን ድምፅ ነው። ደበበ እሸቱ ደግሞ በ1973 እ.ኤ.አ. «ሻፍት ኢን አፍሪካ» በተባለው የሆሊውድ ፊልም ዋሳን ሆኖ ከሪቻርድ ራውንድትሪ ጋር ሠራ። መሪው አሜሪካዊ፣ ደበበ ከጎኑ። አየህ፣ ሆሊውድ እንኳ ቢጠራህ የሚጠራህ ከጎን እንድትቆም ነው። ልምምዱን ከአሁኑ ጀምር።

አራተኛው ምክር፣ የሚሰጡህን ሰዎች አስቀድመህ ተዋወቃቸው። ዘበኛ ትሆናለህ። ድራማው የሚካሄደው ቪላ ውስጥ ነው፤ ቪላ በር አለው፤ በሩን የሚከፍት ሰው ያስፈልጋል። ቃልህ «ጌታዬ፣ እንግዳ መጥቷል» የሚል ነው። እሱን በዝግታ በለው፣ እንግዳውን እንደማትወደው አድርገህ በለው፣ ቁርስ እንዳልበላህ አድርገህ በለው። ሐኪም ትሆናለህ፤ ነጭ ጋዋን ለብሰህ ከአንድ ክፍል ትወጣና «ትንሽ ዘግይታችኋል» ብለህ ትመለሳለህ። መነጽርህን ማውለቅ አትርሳ፤ በኢትዮጵያ ፊልም መነጽሩን ሳያወልቅ መርዶ የሚናገር ሐኪም የለም። ፖሊስ ትሆናለህ፤ የምትደርሰው ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነው። ባለዕዳ ትሆናለህ። እዚህ ላይ ልምምድ አያሻህም፤ ቀጥሎ ስለ ክፍያ የምነግርህን ስትሰማ ይገባሃል።

ዕድል ከቀናህ ደግሞ ክፉ ሰው ትሆናለህ። የዚህ ሙያ ጣራው እሱ ነው፣ አደጋውም እሱ ነው። አበበ ባልቻ በ«ሰው ለሰው» ተከታታይ ድራማ አስናቀን ሆኖ ሲመጣ አገር በሙሉ ጠላው፤ በመጥላቱ ግን እየተደሰተ ሳምንቱን ሙሉ ጠበቀው። ብዙ ሰው ተዋናዩን ዛሬም የሚጠራው አስናቀ ብሎ ነው። ዘነበች ታደሰንም «ጭራ ቀረሽ» ካላሉ የማያውቋት ስንቶች ናቸው። የአባት ስምህን ለአንድ ድራማ ጸሐፊ ልታስረክብ ተዘጋጅ። ሚናህ ክፉ ከሆነ ታክሲ ውስጥ የተሳፋሪ ዓይን ይገላምጥሃል፣ ሉካንዳ ቤት አጥንት ይበዛብሃል፣ ሽማግሌ ስትልክ የልጅቷ አባት «ያቺን ምስኪን ከቤቷ ያስወጣት እሱ አይደለም እንዴ» ይላሉ። መታወቂያህን ከኪስህ አትለይ። የጥሩ ሰው ሚና ከተሰጠህ ግን የባሰ ይመጣል፤ ሁሉም ሰው ሊበደርህ ይመጣል።

አሁን አንቺ ነይ። ለአንቺ ያለኝ ምክር ቶሎ አርጂ የሚል ነው። ቆንጆ ልጅ ሆነሽ የምትሠሪባቸው ዓመታት ጥቂት ናቸው፤ ከዚያ ወዲያ ግን የተራበ ሜዳ ይጠብቅሻል። ድራማዎቻችን እናት አይጠግቡም። የሚያለቅሱ እናት፣ የሚረግሙ እናት፣ በመጨረሻው ክፍል ምስጢር የሚያወጡ እናት፣ ነገረኛ ጎረቤት፣ ጠላ ሻጭ፣ ዓይነ ጥላ ያለባት ምራት የምትፈልግ አማት። መሪዋ ተዋናይት ለእያንዳንዱ ትዕይንት ጫማ ትቀይራለች፤ አንቺ በአንድ መቀነት ሦስት ድራማ ትጨርሻለሽ። የወሎ እንጉርጉሮም በአፍሽ ካለ፣ ቡና እየቆላሽ ሁለት ስንኝ ዝም ብለሽ አንጎራጉሪ። ስክሪፕቱ ላይ የለም ብለው አያስቆሙሽም፤ ሁሉም ያለቅሳል፣ ካሜራማኑም ጭምር።

አምስተኛው ምክሬ የገንዘቡ ነገር ነው፤ ስለዚህ ቁጭ ብለህ አንብበው። ክፍያህ በስልክ ይነገርሃል፣ በስልክ ይቀነሳል፣ ከዚያ ስልኩ ይዘጋል። ፕሮዲውሰሩ «ለአንተ ፕሮሞሽን ነው» ካለህ አትከፈልም ማለቱ ነው። «ከፕሪሚየሩ በኋላ እንነጋገራለን» ካለህ ፕሪሚየሩ ላይ መግቢያ ትኬት አታገኝም። ስለዚህ ሌላ እንጀራ አብረህ ጋግር። የሬዲዮ ማስታወቂያ አንብብ፣ ሠርግ ላይ መድረክ ምራ፣ መጽሐፍ ተርክ፣ ልጆች አስተምር። በዚህ ማፈር የለም፤ ብዙዎቹ አንጋፋዎች የኖሩት እንዲሁ ነው።

ይህን በቀልድ ብጀምረውም በቀልድ አልጨርሰውም። ፍቃዱ ተክለ ማርያምን ሁላችንም አጨብጭበንለታል፤ ንጉሥም ሆነ ባሪያ፣ በመድረክም በሬዲዮም፣ ለአሥርት ዓመታት። ኩላሊቱ ሲታመም ግን ያ ሁሉ ጭብጨባ ለአንድ ቀን እጥበት የሚሆን ዋጋ አላወጣም፤ ለሕክምናው ከሕዝብ ገንዘብ መሰብሰብ ነበረበት። ሐምሌ 24 ቀን 2010 ዓ.ም. አረፈ። ለቅሶው ታላቅ ነበር። እኛ አልቅሶ መቅበር እናውቅበታለን። እንግዲህ አንተ ከመታመምህ በፊት የጤና መድን ግባ፣ የሙያ ማኅበርህን መዋጮ ክፈል፣ ጡረታ የሚቆረጥበት ቋሚ ቅጥር በአንዱ ቴአትር ቤት ከተገኘ «ነፃነቴን ያጠብብኛል» ብለህ አትኩራ። ንጉሡ ያልነበረውን ወልደ ጋብር ከየት ያመጣዋል?

ስድስተኛው ምክሬ ስለ ክብር ነው፤ አጭር ነው፣ ክብሩም አጭር ስለሆነ። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ጉማ የተባለ የፊልም ሽልማት አለ፤ ስሙን የወሰደው ከቀድሞው «ጉማ» ፊልም ነው። እዚያ ለረዳት ተዋናይም ሽልማት ይሰጣል። ከታጨህ ሱፍ ተዋስ። ከተጠራህ ቶሎ ውጣ፤ ሰዎቹ የሚጠብቁት ከአንተ በኋላ የሚጠራውን ነው። ፈጣሪህን፣ እናትህን፣ ዳይሬክተሩን አመስግን። አያትህን ግን በሆድህ።

በመጨረሻ የሚመጣብህ የአገርህ ሰው ነው። አንድ ማታ በዲሽ መካነ ሰላም ላይ ትታያለህ። ጎረቤት ተጠርቷል፣ ፈንዲሻ ተበትኗል፣ እናትህ ከቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ድራማው ይጀምራል። ባለጠጋው ሳሎን ውስጥ ይጮኻል፣ ሚስቱ ታለቅሳለች፣ አንተ በሻይ ሰርቪስ ትገባለህ፣ ታስቀምጣለህ፣ ትወጣለህ። አለቀ። አባትህ «ይኼን ልጅ ቤት ውስጥ አንድ ስኒ አንሣ ስንለው እምቢ ሲል አልነበር?» ይላሉ፤ ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። እናትህ ግን አይስቁም። ሻዩን ስታስቀምጥ ባለጠጋውን ቀና ብለህ አላየኸውም፤ እጅህን ቶሎ ሰብስበህ ወደ ኋላ በሁለት እርምጃ ወጣህ። እሳቸው ያዩት ይህን ነው። «ያ ሰውዬ ክፉ ነው» ይላሉ ለጎረቤታቸው፣ «አላየሽም ልጄ እንዴት እንደፈራው?» ባለጠጋው ሆኖ የሚጫወተው ሰው ሃያ ደቂቃ ሙሉ ሲጮህ ያላሳመናቸውን አንተ በሁለት እርምጃ አሳመንሃቸው። ለዚህ ሽልማት የሚሰጥ ድርጅት የለም፤ ሥራህ ግን ይኸው ነው፣ ሌላ ሥራም የለህም።

ይህን ሁሉ አንብበህ አሁንም እሄዳለሁ ካልህ፣ ሂድ፤ አብሽር። አንድ ነገር ብቻ አደራ። ውልህን በጽሑፍ አድርግ፤ በውሉም ውስጥ ስምህ በድራማው መጨረሻ ዝርዝር ላይ ከነአባትህ በትክክል ይጻፍ የሚል አንቀጽ አስገባ። ጣቢያው ዝርዝሩ መውጣት ሲጀምር የሳሙና ማስታወቂያ ስለሚያስገባ ማንም አያየውም። ቢሆንም ይጻፍ፤ ክፍያህን ሲከለክሉህ ፍርድ ቤት የምታቀርበው ማስረጃ እሱ ነው።